5 ለ 3፤ በሰው ሜዳ ስለ ደረሰ ሽንፈትና ስለ ደጋፊው ሕዝብ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ መጽሔት እንዲዘጋጅ በተወሰነ ጊዜ የክፍል ጓደኞቼ የሚጽፉበትን ነገር ለመምረጥ ብዙም አልተቸገሩም። አንዱ ስለ ትምህርት ቤቱ አመሠራረት፣ ሌላዋ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሌላው ደግሞ ከዚህ ተምረው ለቁም ነገር ስለ በቁ ሰዎች ጻፉ። እኔ ስለ ሽንፈት እንድጽፍ ፈቃድ ብጠይቅ የታሪክ አስተማሪያችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱኝና «በበዓል መጽሔት ላይ?» አሉኝ። ምክንያቴን ከሰሙ በኋላ ግን ፈቀዱልኝ። እንግዲህ ለእርሳቸው የነገርኳቸውን ለአንባቢም አስቀድሜ መናገር ይገባኛል።

በዚህ ዓመት በኅዳር ወር የትምህርት ቤታችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ከከተማው ማዶ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄዶ ሲጫወት በ1 ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። እኛ ደጋፊዎቹ በሁለት አውቶቡስ ሞልተን ሄደን ነበር። ስንሄድ አውቶቡሱ በዘፈን ብዛት ይናጥ ነበር፤ ስንመለስ ግን ከመገናኛ አደባባይ ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። የመጨረሻዋን ኳስ የሳተው ልጅ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ስሙን ጠርቶ ሰደበው። ጥቂቶች ሳቁ። የገሠጸ ሰው አልነበረም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ለአባቴ ብነግራቸው ስድቡን አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ «በስንት ተሸነፋችሁ?» ብለው ነው።

«በአንድ ነጥብ።»

«የመልስ ጨዋታ አለ?»

«አለ፤ በእኛ ሜዳ።»

አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን የ2004 ዓ.ም. ታሪክ አጫወቱኝ። እኔም እርሱን ይዤ በሰፈራችን ያሉትን ሽማግሌ ጠየቅሁ፤ የቆዩ ጽሑፎችንም አገላበጥኩ። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ የተሰበሰበ ነው።

የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ተራራ ሥር ነው። ከቤታችን በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ማልዶ የተነሣ ሰው እንጨት የተሸከሙ እናቶች ሲወርዱና ሯጮች ሲወጡ ያያል። ከታች ደግሞ ቀበናን ተሻግሮ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎም ቁልቁል አዲስ አበባ ስታዲዮም ይደረሳል። የሰፈራችን ሰው ኳስ ለማየት የሚሄደው ቁልቁለት፣ የሚመለሰው ዳገት ነው። ሽማግሌው (ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ እንደ ሰፈሩ ልጆች «አባባ» ብዬ እጠራቸዋለሁ) በማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ያሸነፍን ቀን ዳገቱ አይታወቅም፤ የተሸነፍን ቀን ግን እንጦጦ ራሱ ከፍ ይላል» ብለው አጫውተውኛል።

የአገራችን ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በሰው አገር ነው፤ የመጀመሪያ ሽንፈቱንም የቀመሰው እዚያው ነው። ይኸውም የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ነበር። በዚያው ሰሞን የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር በግብፅ፣ በሱዳን፣ በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ተቋቁሞ ነበርና ለዋንጫውም የሚወዳደሩት እነዚሁ አራት አገሮች ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን ቀላቅላ አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ በዚህም ምክንያት ከእርስዋ ጋር የተመደበው የእኛ ቡድን ሳይጫወት ለዋንጫ ደረሰ። በዋንጫው ቀን ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ አራቱንም ጎል ያገባው ዲያብ አል-አጣር የሚባል አንድ ሰው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1951 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ውድድር በካይሮ ተደረገ። ከሶርያ ጋር ተባብራ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ተብላ ትጠራ የነበረችው ግብፅ አሁንም 4 ለ 0 ረታችን። ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0።

አባባ በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ፤ የሚያስታውሱት አጎታቸው የተናገሩትን ነው። ዘመኑ የራዲዮና የጋዜጣ ነበር፤ በአገራችን ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነውና። ለሰፈሩ ሰው የሚደርሰው ውጤቱ እንጂ ጨዋታው አልነበረም። አጎታቸው ስለ 4 ለ 0ው ሲነሣ «ይበልጡናል» ብለው ነገሩን ይዘጉት ነበር አሉ። ስለ 1 ለ 0ው ግን ምንም ሳያዩ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ፣ እንዲያ ቢሆን ኖሮ» እያሉ ለብዙ ጊዜ ይከራከሩ ነበር። እኔም ይህንን ስሰማ አውቶቡሳችን ትዝ አለኝ። በ20 ነጥብ ተሸንፈን ቢሆን ኖሮ ምናልባት በመንገድ ላይ ዘፍነን እንመለስ ነበር፤ ያንን ልጅም የሰደበው ባልነበረ። በሰፊው የተሸነፈ ሰው ይተኛል፤ እንቅልፍ የሚነሣው ለጥቂት የቀረው ነገር ነው።

የ1954 ዓ.ም. ድል በብዙ መጻሕፍት የተጻፈ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ ነበር። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሁለተኛውን አገባና 2 ለ 2 ሆነ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 አለቀ። አሠልጣኙ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አባባ የ12 ዓመት ልጅ ሆነው ይህንን ጨዋታ በአጎታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው አይተዋል። በጥምቀት ሰሞን በ1960 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ስታዲዮም ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፋን ከዋንጫው ደጃፍ ስትመልሰን ቆመው ነበር። ያን ቀን እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ በሺሕ የሚቆጠር ሰው ሲሄድ የሚሰማው የጫማ ኮቴ ብቻ እንደ ነበረ ነግረውኛል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድናችን ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ጎል ሳያገባ ተመለሰ፤ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየ። ከዚያም 31 ዓመት ሙሉ ወደ ውድድሩ አልደረሰም። አባቴ ተወልደው፣ አድገው፣ አናጢ ሆነው፣ ትዳር ይዘው እኔ እስክወለድ ድረስ ኢትዮጵያን በአፍሪካ ዋንጫ አላዩም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ 2004 ዓ.ም. ልምጣ።

ያ ክረምት ከባድ ክረምት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ መለስ ዜናዊ በነሐሴ ወር ዐርፈው አገሪቱ በሐዘን ሰንብታለች፤ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ከተፈጸመ ገና ሳምንት አልሞላም። አዲሱ ዓመት ሊገባ የቀሩት የጳጉሜን ቀናት ብቻ ናቸው። በዚህ መካከል ብሔራዊ ቡድናችን፣ ዋልያዎቹ የሚባሉት፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመሩ ለ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻውን ማጣሪያ ለመጫወት ወደ ሱዳን ሄዱ። ማጣሪያው በደርሶ መልስ ነው፤ መጀመሪያ በእነርሱ ሜዳ፣ ከአንድ ወር በኋላ በእኛ። ሱዳን በዚያው ዓመት በአፍሪካ ዋንጫ እስከ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች ጠንካራ ተጋጣሚ ነበረች።

አባቴ ከሥራ ወጥተው በሰፈራችን ሻይ ቤት ውስጥ ራዲዮ ተከፍቶ ጨዋታውን ይከታተሉ ነበር። ዝናብ ስለ ነበረ ቆርቆሮው እየጮኸ የተናጋሪውን ድምፅ ይውጠው ነበርና አንድ ልጅ ጆሮውን ከራዲዮው ላይ ለጥፎ የሰማውን ለቤቱ ጮክ ብሎ ይናገራል። በአንድ ጨዋታ ስምንት ጎል ሲገባ የልጁን ሁኔታ አስቡት። ሲያበቃ ሱዳን 5፣ ኢትዮጵያ 3 ሆነ።

ሻይ ቤቱ ሁለት ሆነ። የሚበዙት ተቆጡ። በረኛውን የረገመ ነበር፣ ተከላካዮቹን የረገመ ነበር፣ «እኛ እኮ ከድሮም ይህ ነው ዕድላችን» ብሎ ሠላሳ ዓመቱን በአንድ ቃል የዘጋ ነበር። አባቴ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ይልቁንም ሦስት ጎል መግባቱ የበለጠ አናደዳቸው፤ «አምስት ለባዶ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ባላደረግሁ ነበር፤ ሦስት አግብተው ነው ያቃጠሉኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ።

በዚህ ጊዜ አባባ ከጥጉ ተነሥተው ከሻይ ቤቱ ባለቤት ጠመኔ ተቀበሉና በመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ ላይ «5 — 3» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም «0 — 2»። ከዚያም መስመር አሥምረው ደመሩት፤ «5 — 5»።

ለማያውቅ አንባቢ ደንቡን ላስረዳ። በደርሶ መልስ ጨዋታ የሁለቱም ጨዋታ ጎል ተደምሮ እኩል ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የሚያልፈው በሰው ሜዳ ብዙ ጎል ያገባው ቡድን ነው። (የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ይህንን ደንብ በ1957 ዓ.ም. ገደማ አምጥቶ በ2013 ዓ.ም. ከራሱ ውድድሮች ሠርዞታል፤ እኛ ግን በዚያ ዓመት ባለውለታችን ነበር።) እንግዲህ እኛ በሱዳን ሜዳ ሦስት አግብተናል። ሱዳን በአዲስ አበባ አንድም ሳታገባ እኛ ሁለት ብናገባ ድምሩ 5 ለ 5 ይሆናል፤ በሰው ሜዳ ሦስት ያገባነው እኛ፣ ምንም ያላገቡት እነርሱ። በዚያ ላይ አባባ ምስክር ነበራቸው። ከሦስት ወር በፊት፣ በሰኔ 2004 ዓ.ም.፣ ቡድናችን ቤኒንን ያለፈው በዚሁ ደንብ ነው፤ በአዲስ አበባ 0 ለ 0፣ በኮቶኑ 1 ለ 1 ወጥቶ በዚያች አንዲት ጎል አልፏል።

«ሦስት ጎል ኪሳችን ውስጥ አለ፤ ለምን ታለቅሳላችሁ?» አሉ አባባ።

አባቴም «አባባ፣ እርስዎ በ54 ቀርተዋል» አሏቸው።

ይህ ቃል በሰፈራችን ለሽማግሌ የሚነገር ቃል አልነበረም፤ አባቴም ዛሬ ሲነግሩኝ ወደ መሬት እያዩ ነው። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። አባባ ግን አልተቆጡም፤ ጠመኔውን መለሱና «አንተ ልጅ፣ ጥቅምት 4 ቀን አብረን እንወርዳለን፤ የመግቢያውን እኔ እከፍላለሁ» ብለው ወጡ። አባቴ እንደማይሄዱ ማሉ።

በዚያ ወር የሰፈሩ ሰው ቀስ በቀስ ከአባቴ ወገን ወደ አባባ ወገን እንደ ተሻገረ ሁለቱም ነግረውኛል። የጠመኔው ጽሑፍ በዝናብ ሲደበዝዝ ልጆች መልሰው ይጽፉት ነበር። መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲወጣ «ሁለት ለዜሮ» የሚለው ነገር ሰላምታ ሆነ። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ውጤቱ ያው ነው፣ አንዲት ጎል አልተጨመረችበትም፣ ነገር ግን በጳጉሜን የተረገመው 5 ለ 3 በጥቅምት የሚመረቅ ሆነ። የታሪክ አስተማሪያችን አንድ ሰነድ ማን፣ መቼ እንዳነበበው ሳይጠየቅ ትርጉሙ አይታወቅም ይሉናል። የመስኮቱን መዝጊያ ሳስብ ያሉት ገባኝ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ ነበር። አባባና የሰፈሩ ወጣቶች ገና ሳይነጋ ቁልቁል ወረዱ። አባባ በቤታችን በር ሲያልፉ ቆመው አባቴን ጠሩ፤ እናቴ ወጥተው «ተኝቷል» አሉ። አልተኙም ነበር። የማሉትን ማፍረስ አፍረው ነው። ቀኑን ሙሉ ማንም ያላዘዘውን ቁም ሣጥን ሲልጉ ዋሉ፤ ራዲዮም አልከፈቱም።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አንዱን፣ ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን አገቡ። ሱዳን ምንም አላገባችም። ጠመኔው እንዳለው 2 ለ 0!

አባቴ ነገሩን ያወቁት ከአራት ኪሎ በኩል በመጣው የመኪና ጥሩምባ ነው። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት አራት፣ ከዚያ የማይቆጠር። እኔ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ እጄን ይዘው እስከ ቀበና ድልድይ እንደ ወሰዱኝ፣ ፊቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባ የማላውቀው ሰው አንሥቶ ወደ ላይ እንደ ወረወረኝና እንደ ጮኽኩ ትዝ ይለኛል። አባቴ አልመጡም። አባባ ማታ ድምፃቸው ተዘግቶ ሲመለሱ በቤታችን በር ቆመው ምንም ሳይናገሩ ያልተቀደደ አንድ የመግቢያ ቲኬት ለእናቴ ሰጥተው ሄዱ። ቲኬቱ እስከ ዛሬ በአባቴ የመሣሪያ ሳጥን ክዳን ላይ ተለጥፎ አለ። ልጅ ሆኜ የሎተሪ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር መጽሔቱ አይበቃኝም፤ ለነገሬ የሚጠቅመኝን ብቻ እወስዳለሁ። በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ዋንጫ ቡድናችን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከዛምቢያ ጋር ያደረገው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ አንባቢ ልብ ብሎ እንደ ሆነ ዋንጫውን ያገኘንበት የጥር 13 ቀን 51ኛ ዓመት መሆኑ ነው። በኔልስፕሩት ከተማ ስታዲዮሙን የሞላው በዚያ አገር የሚኖረው ወገናችን ነበር። በረኛው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ ሲያይ ከተመልካቹ መካከል ጥሩምባና ጠርሙስ ወደ ሜዳ የወረወሩ ነበሩ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደገኝ ሰው ሁሉ ይህንን እንዳላመሰግን አስተምሮኛል፤ አላመሰግንምም። ነገር ግን 31 ዓመት የጠበቀ፣ ከአገሩም የራቀ ሰው በአንድ ካርድ ሁሉ ነገር ከእጁ የወጣ ሲመስለው ምን እንደሚሰማው፣ በአውቶቡስ ውስጥ ዝም ያልኩ እኔ ልፈርድበት አልችልም። ቡድኑ በ10 ሰው ታግሎ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ፤ እነዚያ ሁለቱ ግን በመጨረሻ ለዋንጫ የተገናኙት ናቸው።

አባቴ ዕዳቸውን ለመክፈል ስታዲዮም የገቡት ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የቀረው ናይጄሪያን መርታት ብቻ ነበር፤ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር በካርድ ጉዳይ ሦስት ነጥብ ቀንሶብን እንኳ እዚያ ደርሰን ነበር። ከአባባ ጎን ቆመው አዩ። በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አገባ፤ ናይጄሪያ አቻ ሆነች፤ በመጨረሻዋ ደቂቃ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 መራች። «ዳገቱን ስንወጣ አባባ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምንም። አሁን ደግሞ ሒሳቡ የእነርሱ ነው አሉኝ» አሉ። በእርግጥም ናይጄሪያ ከሜዳዋ ውጪ ሁለት አግብታ ነበር፤ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ጨረሰችው።

በመጨረሻ እኔ ራሴ ያየሁትን ልናገር። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስታዲዮም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር የሚጠይቀውን መመዘኛ ስላላሟላ ብሔራዊ ቡድናችን የራሱን ሜዳ ጨዋታ በሰው አገር እንዲያደርግ ሆነ። ግንቦት 28 ቀን በሊሎንግዌ ከተማ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ሁለቱም የማላዊ ጎሎች በፍጹም ቅጣት ምት የገቡ ናቸው። በማግሥቱ በክፍላችን ውስጥ የተነገረውን እዚህ መጻፍ አይገባኝም፤ እኔም ከተናገሩት መካከል ነበርኩ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን፣ እዚያው ሜዳ ላይ «ባለ ሜዳ» ተብለን ከግብፅ ጋር ተጋጠምን። ሳላህ በጉዳት አልነበረም፤ ቢሆንም ሰባት ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች፣ በዚያው ዓመትም ለዋንጫ የደረሰች ግብፅ ናት። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። ማጣሪያውን ግን በመጨረሻ አላለፍንም።

ያን ቀን አባባ ታመው ተኝተው ነበርና ወሬውን ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ።

«ስንት ለስንት?» አሉኝ።

«ሁለት ለዜሮ፣ ግብፅን!»

ሣቁ፤ ቀና ብለውም ተቀመጡ። ከዚያ «የት ነው የተጫወቱት?» አሉ። ማላዊ መሆኑን፣ ሜዳው ግን እንደ እኛ ሜዳ መቆጠሩን ነገርኳቸው። ነገሩ ግራ ገብቷቸው ደጋግመው ጠየቁኝ። በ54 በአጎታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ግብፅ ስትሸነፍ ያዩ ሰው ናቸው።

«ታዲያ ማን አየው?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ።

አባባ ድነው ተነሥተዋል፤ ሻይ ቤቱ ግን ዛሬ የለም። የመስኮቱን መዝጊያ ማን እንደ ወሰደው አባቴ እየጠየቁ ነው። ይህንን ጽሑፍ ለአስተማሪያችን ከመስጠቴ በፊት ኳሷን ለሳተው ልጅ አስነበብኩት። ስሙን አለመጻፌን አይቶ «አመሰግናለሁ» አለኝ፤ ጥቂት ቆይቶም «ግን እኮ ተገፍቼ ነበር» አለ። ስለዚህ ነገር አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን።

የመልሱ ጨዋታ ይህ መጽሔት ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በእኛ ግቢ ይደረጋል። በቅርጫት ኳስ የደርሶ መልሱ ነጥብ ይደመራልና በሁለት ነጥብ ብንረታ ይበቃናል። አባቴ ሱቃቸውን ዘግተው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ አባባንም ይዘው ይመጣሉ።